«12,400 ብር» ቁጥር ነው ወይስ ጽሑፍ? ስሌትንና ቃልን በአንድ ሴል ስለማኖር

ጤና ይስጥልኝ። እንግዲህ ሁለት የኤክሴል ሴሎችን፣ ማለትም የሠንጠረዡን ሳጥኖች፣ በዓይነ ኅሊናችሁ ሣሉልኝ። ሁለቱም ላይ «12,400 ብር» ይነበባል። መልካቸው አንድ ነው፤ አትመው ቢያሳዩአችሁ አትለዩአቸውም። ከሥራቸው ስትደምሩ ግን አንደኛው ይደመራል፣ ሌላኛው እንደሌለ ይቆጠራል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ልዩነት ነው። ስሌትንና ቃልን አንድ ሴል ውስጥ ማስገባት ቀላል ነው። የሚከብደው የትኛውን መንገድ መቼ መጠቀም እንዳለብን ማወቁ ነው።

ወደ ጉዳዩ ሳልገባ አንድ ነገር ላስታውስ። በዚህ ጽሑፍ የፎርሙላ ስሞችና የዓምድ ፊደላት በአጠራራቸው ነው የተጻፉት፤ ሰም (ደማሪው)፣ ኢፍ («እንዲህ ከሆነ» የሚለው)፣ ቴክስት፣ ኤ2፣ ቢ2 እያልን። ኮምፒውተሩ ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የምትጽፏቸው፤ በፊደላችን ከጻፋችሁ #ኔም? የሚል ስህተት ይመልስላችኋል። የ= ምልክት፣ &፣ ቅንፉ፣ ኮማውና ጥቅሱ ባሉበት ይሁኑ።

በመጣበቂያው እንጀምር። የ& ምልክት በኪቦርዱ ላይ ሺፍትና 7 ሲጫኑ ይገኛል። ሥራው በግራውና በቀኙ ያለውን ማጣበቅ ብቻ ነው። ቃሉ በጥቅስ ውስጥ ይገባል፤ ስሌቱ ያለ ጥቅስ ይቀመጣል፦

="ጠቅላላ ድምር፦ "&ሰም(ቢ2:ቢ10)&" ብር"

ከ«፦» በኋላና ከ«ብር» በፊት ያለውን ክፍት ቦታ ልብ በሉ። ጥቅሱ ውስጥ ካላስገባችሁት ኤክሴል ከራሱ አይጨምርላችሁም፤ «ጠቅላላ ድምር፦12400ብር» ብሎ ይደፍነዋል።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ የሚገጥመው ጣጣ አለ፤ የእንግሊዝኛ መማሪያዎች አያነሡትም። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንደቆመ ፎርሙላውን ከቀጠላችሁ በኮማው ፈንታ «፣»፣ በሁለት ነጥቡ ፈንታ «፡» ሊገባ ይችላል። ዓይን ቶሎ አይለያቸውም፤ ፕሮግራሙ ግን ይለያቸዋል። ጥቅሱም እንደዚሁ ነው። የእኛ «» ለፎርሙላ ጥቅስ አይደለም። ከዎርድ ወይም ከቴሌግራም ተቀድቶ የመጣ ፎርሙላ ብዙ ጊዜ ጎበጥ ያለውን ጥቅስ ይዞ ይመጣል፤ ኤክሴልም ወይ አልቀበልም ይላል፣ ወይ #ኔም? ያወጣል። ጥቅሱን አጥፍታችሁ እዚያው ኤክሴል ላይ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ መልሳችሁ ጻፉት። የሚያዋጣው መጀመሪያ የፎርሙላውን አጥንት በእንግሊዝኛው ኪቦርድ መጨረስ፣ ከዚያ ወደ ባዶዎቹ ጥቅሶች ተመልሶ አማርኛውን መሙላት ነው።

ለማጣበቅ ኮንካቲኔት የሚባል የቆየ ፎርሙላም አለ። የሚሠራው ከ& የተለየ ነገር የለም፤ ረዥም ስም ብቻ ነው። ከኤክሴል 2019 ወዲህ የመጣው ቴክስትጆይን ግን ይጠቅማል፦ ብዙ ሴሎችን በመካከላቸው ኮማ ወይም ክፍት ቦታ እያደረገ ያያይዛል፣ ባዶዎቹን ዝለል ሲሉትም ይዘላል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ችግር። & ሲያጣብቅ የሚያየው በሴሉ ውስጥ ያለውን ዋጋ እንጂ ሴሉ የለበሰውን ልብስ አይደለም። ቢ2 ላይ «12,400.00» ብታዩ ውስጡ ያለው 12400 ነው፤ ኮማውና ሁለቱ ዜሮዎች የቅርጽ ሥራ ናቸው። ሲጣበቅ «12400» ሆኖ ይወጣል። አሥርን ለሦስት አካፍላችሁ ብታጣብቁ 3.33333333333333 ተዘርግቶ ይመጣል። 15% ብላችሁ ያስቀመጣችሁት የተጨማሪ እሴት ታክስ መጣኔ 0.15 ይሆናል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ቀን ነው። ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው ከ1900 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ በተቆጠረ የቀን ቁጥር ስለሆነ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024ን ከቃል ጋር ስታጣብቁት «የተከፈለበት ቀን፦ 45292» ይላችኋል።

መድኃኒቱ ቴክስት ነው። ሁለት ነገር ይቀበላል፤ ዋጋውንና የሚለብሰውን ቅርጽ። አንድ ደረሰኝ እናስብ፤ ሂሳቡ 12,400 ብር ቢ11 ላይ፣ መጣኔው 15% ኤፍ1 ላይ አለ፦

="ታክስ ("&ቴክስት(ኤፍ1,"0%")&")፦ "&ቴክስት(ቢ11*ኤፍ1,"#,##0.00")&" ብር"

ውጤቱ «ታክስ (15%)፦ 1,860.00 ብር» ነው። መጣኔው ከኤፍ1 ስለሚነበብ ነገ ቢቀየር ቃሉም ስሌቱም አብረው ይቀየራሉ። «15%» ብላችሁ በጥቅስ ውስጥ በእጃችሁ ከጻፋችሁት ግን ስሌቱ በአዲሱ መጣኔ እየሄደ ቃሉ በአሮጌው ይቀራል። ደረሰኝ ላይ ከዚህ የከፋ ስህተት ጥቂት ነው፤ ራሱን የሚቃረን ወረቀት ነውና።

«0%» የሚለው ቅርጽ ያጠጋጋል፤ መጣኔው 7.5% ቢሆን «8%» ብሎ ያሳያል። ይህን ፈርታችሁ «0.##%» ብትጽፉ ደግሞ 15ን «15.%» አድርጎ ነጥቡን አንጠልጥሎ ይተወዋል። ስለዚህ ክፍልፋይ ሊመጣ የሚችልበት ቦታ ከሆነ «0.0%» በሉና «15.0%»ን ተቀበሉት።

ማጠጋጋትን ካነሣን፦ ቴክስት የሚያጠጋጋው የሚታየውን ነው፤ በስሌቱ ውስጥ ያለው ዋጋ እንደነበረ ይቆያል። መቶ ብር ለሦስት ሰው ሲካፈል ሦስት ጊዜ «33.33» ይታያል፤ ድምሩ ግን «100.00» ይላል። በእጁ የሚደምር ሰው 99.99 ያገኝና አንድ ሳንቲም የት ሄደች ይላችኋል። በሚታየው ልክ እንዲደመር ከፈለጋችሁ እያንዳንዱን ድርሻ አስቀድማችሁ በራውንድ አጠጋጉ፤ የቀረችውን ሳንቲም ለማን እንደምታስገቡ ደግሞ እናንተ ወስኑ።

የቁጥር ኮድም የቴክስት ሥራ ነው። ኤ2 ላይ 47 ካለ

="ተማ/"&ቴክስት(ኤ2,"0000")&"/16"

«ተማ/0047/16» ይሰጣል። የሥራ ሰዓት ስትደምሩም ቅርጹን ተጠንቀቁ። የሰዓት ምልክቱ በማዕዘን ቅንፍ [ ] ካልታጠረ 30 ሰዓት «6:00» ሆኖ ይታያል፤ 24 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳልና።

ፋይላችሁ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ከሆነ ይህንንም ጨምሩ። በጀርመንኛ ኤክሴል የፎርሙላ ስሞች ራሳቸው ይተረጎማሉ፤ በቴክስት ጥቅስ ውስጥ ያለው፣ ቀንና ዓመትን የሚወክለው የቅርጽ ፊደል ግን ጽሑፍ ስለሆነ አይተረጎምም። ጀርመኖች ቀንን «ታግ»፣ ዓመትን «ያር» ስለሚሉ የቅርጽ ፊደሎቻቸው ከነዚያ ቃላት የመጀመሪያ ፊደል የተወሰዱ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ በትክክል ቀን ያወጣ የነበረ ሴል ፍራንክፈርት ሲከፈት ፊደል ቢያወጣ ፋይሉ ተበላሽቷል አትበሉ።

የስሌት ቅደም ተከተልም አለ። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ሁሉም ከ& ይቀድማሉ። ስለዚህ ="ድምር፦ "&ቢ2+ሲ2 ያለ ቅንፍም ይሠራል። ="ድምር፦ "&ቢ2&" ብር"+ሲ2 ግን አይሠራም፤ አስቀድሞ «ብር» የሚለውን ቃል ከሲ2 ጋር ሊደምር ይሞክርና #ቫልዩ! ይላል። ማወዳደሪያዎቹ፣ ማለትም >፣ < እና = ደግሞ ከ& በኋላ ነው የሚሠሩት። ="ውጤት፦ "&ቢ2>50 ብላችሁ ብትጽፉ መጀመሪያ «ውጤት፦ 40» ይጣበቃል፣ ከዚያ ይህ ጽሑፍ ከ50 ይበልጣል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። በኤክሴል ሕግ ጽሑፍ ምንጊዜም ከቁጥር ይበልጣል። ስለዚህ 40 ያመጣውም 4 ያመጣውም ተማሪ «ትሩ» ይባላል፤ ስህተት የሚል ምልክት ስለማይወጣ ማንም አያየውም። ትክክለኛው ንጽጽሩን ኢፍ ውስጥ መክተት ነው፦

="ውጤት፦ "&ቢ2&" — "&ኢፍ(ቢ2>=50,"አልፏል","አላለፈም")

ይህን ሁሉ በአንድ ምሳሌ እንሰብስበው። የእድር ጸሐፊ 84 አባላት አሉት እንበል፤ ስማቸው ከቢ2 እስከ ቢ85፣ የወሩ ክፍያ ከሲ2 እስከ ሲ85። መዋጮው 100 ብር ሲሆን ኤፍ1 ላይ ተቀምጧል። የሚፈለገው ለስብሰባ የሚነበብ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦

="የከፈሉ፦ "&ካውንት(ሲ2:ሲ85)&" ከ"&ካውንትኤ(ቢ2:ቢ85)&" አባላት፤ የቀረ፦ "&ቴክስት((ካውንትኤ(ቢ2:ቢ85)-ካውንት(ሲ2:ሲ85))*ኤፍ1,"#,##0")&" ብር"

71 ሰው ከከፈለ «የከፈሉ፦ 71 ከ84 አባላት፤ የቀረ፦ 1,300 ብር» ይላል። ካውንት ቁጥር ያለባቸውን ሴሎች ብቻ ይቆጥራል፤ ካውንትኤ ባዶ ያልሆነውን ሁሉ። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፦ አንድ ሰው የክፍያ ዓምዱ ላይ «100 ብር» ብሎ በእጁ ከጻፈ ያ ሴል ጽሑፍ ነው፤ ካውንት አይቆጥረውም። ገንዘቡን የከፈለው አባል በስብሰባ ፊት ባለዕዳ ሆኖ ይነበባል።

ስለ ብዙ ቁጥርም አንድ ቃል። እንግሊዝኛ ሲሆን «1» እና «2» የተለያየ ቃል ስለሚጠይቁ ሁልጊዜ ኢፍ መጨመር ግድ ነው። የእኛ ቋንቋ እዚህ ይራራልናል፤ «1 ሰው» «13 ሰው» ማለት ይቻላል። ግሡ ግን አይምርም፤ «1 ሰው ከፍለዋል» ያስቃል። ከላይ እንዳደረግነው «የከፈሉ፦ 71» ብሎ መጻፍ ከዚያ ጣጣ ያወጣል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። & ያጣበቀው ነገር ጽሑፍ ነው፤ ምንጊዜም። ሰም እንዲህ ያሉ ሴሎችን ከሚደምራቸው ሴሎች መካከል ሲያገኝ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። የዓምዱ ድምር ዜሮ ይወጣል፤ ወይም ይባስ ብሎ ጥቂቶቹ ብቻ ጽሑፍ ከሆኑ ጎዶሎ ድምር ይወጣል፣ እሱም ትክክለኛ ይመስላል። በ+ ብትደምሩ «12,400 ብር» የሚለው #ቫልዩ! ይላል። ቴክስት ያወጣው «1,860» ግን በ+ ይደመራል፣ በሰም አይደመርም። ይህን የማያውቅ ሰው ግማሽ ቀን ሊያጠፋ ይችላል። መደርደርም ይበላሻል፤ «10 ኪሎ» ከ«9 ኪሎ» ይቀድማል፣ ፊደል በፊደል ነውና የሚታየው። ግራፍም አይሣልበትም።

መለያው ቀላል ነው። አሰላለፉን ካልነካካችሁት ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል።

እንግዲያው ከሥሩ የሚደመር፣ የሚደረደር ወይም የሚባዛ ቁጥር ላይ & አታድርጉ። ለዚያ የተሠራው የቁጥር ቅርጽ ነው። ሴሉ ውስጥ =ሰም(ቢ2:ቢ10) ብቻ ጻፉ። ከዚያ ኮንትሮልና 1 ተጫኑ፤ «ቁጥር» በሚለው ገጽ ከዝርዝሩ መጨረሻ «ካስተም»ን ምረጡና ይህን አስገቡ፦

"ጠቅላላ፦ "#,##0.00" ብር"

የሚታየው «ጠቅላላ፦ 12,400.00 ብር» ነው፤ ውስጡ 12400 የሚባል ንጹሕ ቁጥር ነው። ይደመራል፣ ይባዛል፣ ይደረደራል። በሰሚኮለን ለይታችሁ ለፖዘቲቭ፣ ለኔጋቲቭ፣ ለዜሮና ለጽሑፍ አራት ቅርጽ መስጠትም ትችላላችሁ፦

#,##0" ብር";"ትርፍ ክፍያ "#,##0" ብር";"ዕዳ የለም";@

ይህ ለእድሩ የዕዳ ዓምድ ልክ ነው። ዜሮ ሲሆን «ዕዳ የለም» ይነበባል፤ ለስሌት ግን ዜሮነቱን አይለቅም። ከቁጥሩ ኋላ ኮማ ስትጨምሩ በሺህ ያካፍላል፤ #,##0," ሺህ" 1,250,000ን «1,250 ሺህ» አድርጎ ያሳያል።

ቅርጽ የማይችለውም አለ። የሚያውቀው የራሱን ሴል ቁጥር ብቻ ነው፤ የሌላ ሴል ዋጋ ጎትቶ አያመጣም። እንደ እድሩ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሦስት ስሌት በአንድ መስመር ሲፈለግ & ግድ ነው። ደግሞም ዓምዱ ከጠበበ ቁጥሩ ##### ሆኖ ይታያል፤ ጽሑፍ ግን ወደ ጎን ባዶ ሴል ይፈስሳል። በፎርሙላ የመጣን ዓረፍተ ነገር ከፊሉን ብቻ ማድመቅ ወይም ማቅለም አይቻልም፤ ቁጥሩ ብቻ ቀይ ይሁን ካላችሁ ቃልና ቁጥሩን በሁለት ሴል ለዩ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ይሄኛው ይሻላል።

ቀን ግን በተናጠል መነጋገር ያስፈልገዋል፤ የእኛ ቀን ነውና። ቴክስት ቀንን በእኛ ዘመን አቆጣጠር አያወጣም። ስሌቱን ራሳችን መሥራት አለብን፤ ደስ የሚለው የእኛ አቆጣጠር ለስሌት የተመቸ መሆኑ ነው። ወሩ 30 ቀን፣ ጳጉሜን 5 ወይም 6፤ በየ4 ዓመቱ ያለ ልዩነት አንድ ቀን ይጨመራል። ስለዚህ ሁሉም ነገር በ1461 ቀን ዑደት ይዞራል። የፈረንጁ ቀን ኤ2 ላይ ካለ፦

ቢ2፦ =ኢንት(ኤ2)+691163
ሲ2፦ =ሞድ(ቢ2,1461)
ዲ2፦ =ሞድ(ሲ2,365)+365*ኢንት(ሲ2/1460)
ኢ2፦ =4*ኢንት(ቢ2/1461)+ኢንት(ሲ2/365)-ኢንት(ሲ2/1460)

ኢንት ክፍልፋዩን ይጥላል፣ ሞድ ሲካፈል የሚተርፈውን ይሰጣል። 691163 የኤክሴልን የቀን ቆጠራ ከእኛ ዑደት መነሻ ጋር የሚያገናኝ ቋሚ ቁጥር ነው። ከዜሮ ተቆጥሮ ሲ2 በ4 ዓመቱ ዑደት ውስጥ ስንተኛ ቀን እንደሆነ፣ ዲ2 በዓመቱ ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ፣ ኢ2 ደግሞ ዓመተ ምሕረቱን ይሰጣሉ። የ1460ዎቹ ክፍሎች የተጨመሩት ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ለጳጉሜን 6። እነሱ ከሌሉ ያ ቀን የመስከረም 1 ቦታ ይይዛል። አሁን ማጣበቅ፤ ቹዝ በቁጥሩ ተራ ከዝርዝሩ አንዱን ቃል ይመርጣል፦

=ቹዝ(ኢንት(ዲ2/30)+1,"መስከረም","ጥቅምት","ኅዳር","ታኅሣሥ","ጥር","የካቲት","መጋቢት","ሚያዝያ","ግንቦት","ሰኔ","ሐምሌ","ነሐሴ","ጳጉሜን")&" "&ሞድ(ዲ2,30)+1&" ቀን "&ኢ2&" ዓ.ም."

ኤ2 ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024ን አስገቡ፤ «ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.» ይወጣል። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 «ጳጉሜን 6 ቀን 2015»፣ ማግስቱ «መስከረም 1 ቀን 2016» መሆን አለበት። እነዚህን ሦስቱን ሳትፈትኑ ለማንም አትስጡ። ዘመነ ወንጌላዊውን ጨምሩ ካሏችሁ ደግሞ ይህን ከኋላው አጣብቁ፦

&"፣ ዘመነ "&ቹዝ(ሞድ(ኢ2,4)+1,"ዮሐንስ","ማቴዎስ","ማርቆስ","ሉቃስ")

ውጤቱ በትክክል አራት ዓመት ከአንድ ቀን ወደ ኋላ ከቀረ ፋይሉ በ1904 የቀን ሥርዓት የተሠራ ነው፤ በቆዩ የማክ ፋይሎች ላይ ይህ ያጋጥማል። ቢ2 ላይ 1462 ጨምሩበት።

ደረሰኝ ላይ ቀኑን በቱዴይ አታምጡ። ቱዴይ ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር የዕለቱን ቀን ስለሚያመጣ የመስከረሙ ደረሰኝ በጥቅምት ሲከፈት የጥቅምት ይሆናል። ኮንትሮልና ሰሚኮለን የዛሬን ቀን ቋሚ አድርጎ ያስገባል።

የቀሩትን በአጭሩ ላንሣ። አንድ ሴል ውስጥ ሁለት መስመር ከፈለጋችሁ በመካከል &ቻር(10)& አስገቡና ሴሉን ራፕ ቴክስት አድርጉት፤ ካላደረጋችሁት መስመሩ አይሰበርም። ጽሑፉ ራሱ ጥቅስ የሚይዝ ከሆነ ጥቅሱን ሁለት ጊዜ ደጋግሙት። ስልክ የሌለው ሰው ፊት «ስልክ፦» ብቻውን ተንጠልጥሎ እንዳይቀር =ኢፍ(ሲ2="","","ስልክ፦ "&ሲ2) በሉ። ለራሳችሁ ማስታወሻ ስሌቱ ውስጥ መደበቅ ካማራችሁ +ኤን("መጣኔው ከኤፍ1 ነው") ጨምሩ፤ ኤን የጽሑፍን ዋጋ ዜሮ ስለሚያደርግ ድምሩ አይነካም። ገንዘብን በፊደል የሚጽፍ ፎርሙላ አለ ወይ ለሚለው፦ ባትቴክስት የሚባል አለ፤ የሚጽፈው ግን በታይላንድኛ ነው። ለአማርኛው በቹዝ ራስን ማድከም ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ «ብር» ቀድሞ በእጅ የተጻፈበትን ዓምድ ማቃናት ነው። ዓምዱን ብቻ ምረጡ። ቅርጹ «ቴክስት» ከሆነ ወደ «ጄነራል» መልሱት፤ ያለዚያ ቢጸዳም ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ኮንትሮልና ኤች ተጫኑ፤ «ፈልግ» በሚለው ላይ ክፍት ቦታና «ብር» ጻፉ፣ «ተካ» የሚለውን ባዶ ተዉት፣ ሁሉንም ተኩ። ቁጥሮቹ ወደ ቀኝ ዘወር ሲሉ ታዩአቸዋላችሁ። ግራ ላይ የቀረ ካለ «ብር» ከቁጥሩ ጋር ተጣብቆ የተጻፈበት ወይም የተለየ ዓይነት ክፍት ቦታ ያለበት ነው፤ እሱን በእጅ አርሙ። ከዚያ ኮንትሮልና 1፣ #,##0.00" ብር"። ዓምዱን ሳትመርጡ ሺቱን በሙሉ ብትተኩ ግን ከስም ዝርዝሩ ላይ አቶ ብርሃኑ «አቶሃኑ» ሆነው ታገኟቸዋላችሁ።